የቻሌንጀር ውድድሮች ነፃ የቀጥታ ሥርጭት
የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስን የሚመራው ኤቲፒ፣ ከዋናዎቹ ውድድሮች አንድ ደረጃ ዝቅ ያሉትን የቻሌንጀር ውድድሮች ያለ ክፍያ በኢንተርኔት በቀጥታ ማስተላለፉ፣ እንደ አሜሪካዊው ኖዋ ሩቢን ያሉ ተጫዋቾች የሚኖሩትን የሙያ ሕይወት በቅርብ ለማየት ያስችላል። ሩቢን እ.ኤ.አ. በ2014 የዊምብልደን የታዳጊዎች ሻምፒዮን ቢሆንም፣ በ2017 በአውስትራሊያ ኦፕን ከሮጀር ፌደረር ጋር ቢጋጠምም፣ በ2018 ደግሞ ዋሽንግተን ላይ በዓለም ደረጃ ከፊተኞቹ አንዱ የነበረውን ጆን ኢስነርን ቢያሸንፍም፣ በዓለም ደረጃ ከ125ኛ በላይ አልወጣም፤ የሥራ ዘመኑን ብዙውን ክፍል ያሳለፈውም በእነዚህ አነስተኛ ውድድሮች ላይ ነበር።

ምስሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቋሚ ካሜራ ስለሚመጣ፣ የታላላቅ ውድድሮችን ሥርጭት የለመደ ተመልካች ቅር ሊለው ይችላል። እኔ ግን ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ካሜራው ሜዳውን በሙሉ ስለሚይዝ፣ ተጫዋቹ ኳሱ ሳይደርስ የት እንደሚቆም፣ ነጥብ ከጣለ በኋላም በባዶ መቀመጫዎች ፊት (ጭብጨባው መቼም የጥቂት ሰው ነው) ራሱን እንዴት እንደሚያበረታታ በግልጽ ይታያል።