የዶሮ ኩስ፣ የከብት ፍግ ወይስ የትል ኮምፖስት? ጅማ ላይ በባልዲ ለምንተክል ሰዎች

ጅማ ላይ አፈር ፍለጋ ሩቅ የሚሄድ ሰው የለም። ቀዩ አፈር ደጃፍ ላይ ነው። ያንኑ ባልዲ ላይ ሞልተን ቃሪያ፣ ቆስጣ ወይም ጤና አዳም እንተክልበታለን። መጀመሪያ ላይ ደህና ያድጋል። ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው ቅጠሉ ይገረጣል፣ እድገቱም ቀጥ ይላል። ከዚያ ጥያቄው አንድ ነው፦ ምን ልግዛለት?

መካሪ አይጠፋም። አንዱ የዶሮ ኩስ ይላል። ሌላው የከብት ፍግ ይላል። ሌላው ደግሞ "ትንሽ ዩሪያ ጣል አድርግበትና ተገላገል" ይላል። ሁሉም የሚሠሩበት ቦታ አላቸው፤ የሚያክሙት ችግር ግን ይለያያል። ለዚህ ነው ንጽጽሩን ከቅጠሉ የምጀምረው።

የታችኛው ነው ወይስ የላይኛው?

ተክል ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም ወይም ማግኒዥየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ የእነዚህ እጥረት መጀመሪያ የሚታየው ከታች ነው። የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ወደ ቢጫ ከሄደ ናይትሮጅን ጠርጥሩ። ጠርዙ ብቻ እሳት እንደነካው ከደረቀ ፖታሲየም ነው። ደም ሥሮቹ አረንጓዴ ሆነው በመሃላቸው ያለው ብቻ ቢጫ ከሆነ ማግኒዥየም ነው። ተክሉ ቀጭጮ ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ካደላ ፎስፈረስ ነው።

ብረትና ካልሲየም ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገቡ ወዲያ አይንቀሳቀሱም። የእነሱ እጥረት የሚጀምረው ከላይ፣ ከለጋው ቅጠል ነው። የቲማቲም ፍሬ ከታች በኩል ጠቁሮ ሲሰረጉድም የካልሲየም ጉዳይ ነው። እዚህ ላይ ቶሎ ወደ ግዢ አትሩጡ። አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየሙ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ውሃው አንድ ቀን በዝቶ ሌላ ቀን ስለሚጠፋ ነው ወደ ፍሬው የማይደርሰው። ውሃውን ማስተካከል ያድነዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት የባልዲውንም ቂጥ እዩ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ያልተበሳ ባልዲ ክረምቱን ደጅ ከቆየ ውሃ ይቋጥራል። ሥሩ አየር ያጣል። አየር ያጣ ሥር ደግሞ አፈሩ የቱንም ያህል ቢዳብር አይወስድም፤ ቅጠሉም ልክ ናይትሮጅን እንደቸገረው ይገረጣል። ባልዲው ከተበሳ በሌላ በኩል ዝናቡ ናይትሮጅኑንና ፖታሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባልዲዎቹን ጣሪያ ሥር አስጠጉ። ብዙ ሰው ሐምሌ ላይ ማዳበሪያ የሚገዛው ዝናብ አጥቦ የወሰደበትን ለመተካት ነው።

ቀዩ አፈር ብቻውን ለምን አይበቃም?

አፈራችንን መጥፎ ነው እንዳትሉ። መሬት ላይ ሲሆን ቡናውንም አቮካዶውንም ያሳድጋል። ነገር ግን አሲዳማ ነው፤ ብረትና አሉሚኒየምም ሞልቶታል። እነዚህ ሁለቱ ፎስፈረስን ጥርቅም አድርገው ይይዙታል። ፎስፈረሱ አለ፣ ሥሩ ግን አያገኘውም። መሬት ላይ ያለ ሥር ርቆ ሄዶ ይፈልጋል። ባልዲ ውስጥ ያለው መሄጃ የለውም። በዚያ ላይ ቀይ አፈር ባልዲ ውስጥ ሲረጥብ ይጠቀጠቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የተብላላ ፍግና ኮምፖስት ሁለቱንም ይፈታል። ሲብላላ የሚያወጣቸው ንጥረ ነገሮች ብረቱንና አሉሚኒየሙን ስለሚይዙ ፎስፈረሱ ነፃ ይሆናል። አፈሩም ይላላል። እኔ የምመክረው ድብልቅ ይህ ነው፦ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሻካራ የወንዝ አሸዋ። አሸዋው ደቃቅ ከሆነ ይቅር፤ ጭራሽ እንደ ሲሚንቶ ያደርገዋል።

የዶሮ ኩስ ወይስ የከብት ፍግ?

ሰው በብዛት የሚያመነታው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። ደርቆ ሲለካ የዶሮ ኩስ ከ3 እስከ 4 በመቶ ናይትሮጅን ይይዛል። የከብት ፍግ ከ1 እስከ 2 በመቶ አካባቢ ነው። ኩሱ በፎስፈረስና በካልሲየምም ይበልጣል። በቁጥር ብቻ ካየነው ኩሱ አሸነፈ ማለት ነው።

ባልዲ ላይ ግን ኃይለኛ መሆኑ ራሱ ችግር ነው። ትኩስ ኩስ አሞኒያ (አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ) እና ጨው ስላለው ሥር ያቃጥላል። መሬት ላይ ቢሆን ዙሪያው ያለው አፈር ያበርደዋል፤ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ የሚያበርደው የለም። ኩስ ከገዛችሁ ቢያንስ ሦስት ወር ከገለባ ወይም ከደረቅ ቅጠል ጋር ተከምሮ የተብላላ ይሁን። መጠኑም ለአንድ ባልዲ አንድ እፍኝ ይበቃል። ከዶሮ እርባታ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሰጋቱራ ጋር የተቀላቀለ ነው። ሰጋቱራው ከበዛ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጆንያውን ከፍታችሁ እዩና ዋጋ ተከራከሩ።

የከብት ፍግ ደካማ ነው፣ ግን ገር ነው። ከተብላላ ብዙ ብታደርጉበትም ተክሉን አይገድልም። አፈሩን የሚያላላውም በዋናነት እሱ ነው። ስለዚህ ለድብልቁ መሠረት ፍግ ግዙ። ኩስን ቅጠላቸው ለሚበላው ለጎመንና ለቆስጣ፣ ቢጫ ሲሉ መደገፊያ አድርጉት። ሰላጣና ሌላ በጥሬው የሚበላ ነገር ላይ ያልተብላላ ኩስም ሆነ እበት በፍጹም አታድርጉ። በሽታ ያመጣል።

የትል ኮምፖስት ዋጋውን ያወጣል?

የትል ኮምፖስት ትል ፍግና የአትክልት ልጣጭ በልቶ የሚያወጣው ነው። ለባልዲ ተክል ዋጋውን ያወጣል። ሥር አያቃጥልም፣ ለእጅ ደስ ይላል፣ ሽታም የለውም። ናይትሮጅኑ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ነገር ግን ተክሉ ቶሎ በሚወስደው መልክ የተዘጋጀ ነው። ወር በወር ሁለት እፍኝ ከላይ በትኖ ውሃ ማጠጣት ይበቃል። ባልዲውን ሙሉ በእሱ መሙላት ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ዘላቂው መንገድ ትሉን ገዝቶ ራስን ማምረት ነው። ከጓሮ የተቆፈረ ትል አይሆንም፤ ፍግና ቆሻሻ የሚበላው ቀዩ ዓይነት ያስፈልጋል። ጀሪካን በጎኑ ተቆርጦ፣ ታችኛው ተበስቶ፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። የአትክልት ልጣጭ፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ ይበላል። ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት ቤት አተላው አይጠፋም፤ ሆኖም በአንዴ ብዙ አትጨምሩ። ሎሚ፣ ሚጥሚጣ፣ ሥጋና ዘይት አይገባም። ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው የመጀመሪያውን ታገኛላችሁ።

የቡና ገለፈት

ይህ የጅማ ሀብት ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ጀንፈሉ (ከነቅርፊቱ የደረቀው ቡና) ሲፈለፈል ገለፈቱ ክምር ክምር ይሆናል። ፖታሲየሙ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ቀላል ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው እንደመጣ ከአፈር ይቀላቅለዋል። ይህን አታድርጉ፣ እለምናችኋለሁ። ደረቅ ገለፈት ካርቦኑ ብዙ፣ ናይትሮጅኑ ጥቂት ነው። የሚያብላሉት ጥቃቅን ነፍሳት የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ፤ ተክሉ ከበፊቱ ይብሳል። ውስጡ ያለው ካፌይንም ችግኝ ያቀጭጫል።

ከእበት ጋር እኩል በእኩል ተከምሮ፣ እየረጠበ፣ በየሁለት ሳምንቱ እየተገላበጠ ሦስት አራት ወር ከቆየ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ጥቁር፣ ልል፣ ውሃ የሚይዝ። እንዲህ ሆኖ የሚሸጥ ካገኛችሁ ከፍግ አስቀድሜ እሱን እገዛለሁ። ግቢና ጊዜ ያለው ሰው ደግሞ አሁኑኑ ይከምር።

አመድ፣ አጥንት፣ ዩሪያ

አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም ይሰጣል፣ አሲዱንም ያለዝባል። ለኛ አፈር የሚስማማ ነው፤ ልኩ ግን ለአንድ ባልዲ በሁለት ወር አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ጎረቤቴ ማዕድ ቤቷ በር ላይ በጀሪካን የተከለቻት ሎሚ አለች። የከሰሉ አመድ በየቀኑ እዚያ ይደፋ ነበር። ለጋው ቅጠል ነጣ ብሎ ቢጫ ሆነ፤ ደም ሥሮቹ ብቻ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው ቀሩ። "ማዳበሪያ ልግዛላት እንዴ?" አለችኝ። "አመዱን ተይላት እንጂ፣ እህቴ" አልኳት። አመድ ሲበዛ ብረት ይታሰራል። የላይኛውን አፈር ገፍታ በፍግ ተካች፤ ቀጥሎ የወጣው ቅጠል አረንጓዴ ነበር። ሌላም ጥንቃቄ አለው፦ አመድን ከዩሪያ ወይም ከትኩስ ኩስ ጋር አንድ ላይ አታድርጉ። ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ተኖ ይጠፋል።

ለፎስፈረስ ከልኳንዳ የሚገኝ አጥንት በጣም ጥሩ ነው። በደንብ ሲቃጠል በቀላሉ ይወቀጣል። አሲዳማ አፈር ውስጥ ይሟሟል፤ ቀስ እያለ ስለሚሠራ ግን ባልዲው ሲዘጋጅ ይቀላቀል። የእንቁላል ቅርፊት የሚሰጠው ካልሲየም ነው፤ እሱም ቀስ እያለ ነው የሚሠራው።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ በመቶ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት (የፎስፈረስ መለኪያው)፣ 7 ድኝ። ፈጣን ናቸው፣ አልክድም። ክፉኛ የገረጣ ጎመን ካላችሁና መጠበቅ ካልቻላችሁ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ5 ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ አንዴ አጠጡ። ነገር ግን አፈሩን አያላሉትም፣ ዩሪያ አሲዱንም ይጨምራል። ጎመኑ ከነቃ በኋላ ወደ ፍጉ ተመለሱ።

ስትገዙ

ሻጩን "ስንት ወር ሆነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ እጃችሁን ጆንያው መሃል አስገቡ። የሚሞቅ ከሆነ ገና አልተብላላም። አሞኒያ ወይም እበት እበት ከሸተተም ገና ነው። የተብላላው ቀዝቀዝ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ሽታው የጫካ አፈር የሆነ፣ ከምን እንደተሠራ የማይለይ ነው።

ብዙ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ፌስታል ብቻ ውሰዱና በፌጦ ፈትኑት። ሐሙስ ገበያ ስትወጡ ትንሽ ፌጦ ያዙ። ሁለት ጣሳ አዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ተራ አፈር፣ ሌላው ላይ እኩል በእኩል አፈርና የገዛችሁት ኮምፖስት። ሁለቱም ላይ ቁንጥር ፌጦ ዝሩና አርጥቡ። ፌጦ በሦስት አራት ቀን ይበቅላል። በኮምፖስቱ ላይ ያለው እኩል ከወጣ ወይም ከበለጠ ግዙ። ካልበቀለ፣ ወይም ነቅላችሁ ስታዩት የሥሩ ጫፍ ቡናማ ከሆነ አልበሰለም። ለመትከል አንድ ሁለት ወር ይጠብቅ፤ በዋጋውም ላይ አፋችሁን ሞልታችሁ ተከራከሩበት።

እንግዲህ የትኛውን?

ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ አምስት ስድስት ባልዲ ላለው ሰው፦ ለመሠረቱ አንድ ጆንያ የተብላላ የከብት ፍግ፣ ለየወሩ ትንሽ የትል ኮምፖስት። ኩስና ገለፈት አያስፈልገውም፤ ሽታውም ከጎረቤት ያጣላል።

ግቢ ላለውና ለሚሸጥ ጎመን ለሚተክል፦ ገለፈትና እበት ይከምር፣ የተብላላ ኩስ ለመደገፊያ ይግዛ። በዓመቱ ከግዢ ይወጣል።

ቲማቲምና ቃሪያ ለሚተክል፦ ፍግ፣ የተቃጠለ አጥንት፣ አበባ ሲያወጣ አንድ ማንኪያ አመድ። ኩስ ካበዛ ቅጠል ብቻ ነው የሚያገኘው።

ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ምንም አይግዛ ነው የምለው። እነሱ አሸዋ የበዛበት አፈርና ፀሐይ ይወዳሉ። በዓመት አንዴ አንድ እፍኝ ፍግ ይበቃቸዋል።