ለማዕድን ዝቃጭ ግድብ የትኛው ምርመራ ይሻላል? ኤስፒቲ፣ ሲፒቲዩ ወይስ ቬን

የዝቃጭ ግድብ (ማዕድን ሲጣራ የሚተርፈውን ጭቃማ ቅሪት የሚይዝ ግድብ) ለማስመርመር ዋጋ ስትሰበስቡ አንዱ ድርጅት ኤስፒቲ (SPT)፣ ሌላው ሲፒቲዩ (CPTu) ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም የመሬቱን ጥንካሬ እዚያው ቦታው ላይ የሚፈትሹ ናቸው። በዋጋ ብቻ ከመወሰናችሁ በፊት ምን እንደምትገዙ እዩ።

ኤስፒቲን ሁሉም መሐንዲስ ያውቀዋል። 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሳንቲ ሜትር እየወደቀ፣ ናሙና መውሰጃው 30 ሳንቲ ሜትር እስኪገባ ስንት ምት እንደፈጀ ይቆጠራል። ለሕንፃ መሠረት ደህና ነው። ልል ዝቃጭ ላይ ግን ዘንጉ ሳይመታ በራሱ ክብደት ይሰምጣል፤ ቁጥሩ ዜሮ። ዜሮ ደግሞ ድክመቱ ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። ብዙ ጊዜ የሚሞከረውም በየ1.5 ሜትሩ ስለሆነ ቀጭን ደካማ ንብርብር በመሃል ሾልኮ ያመልጣል። ጥቅሙ ናሙናውን እጃችሁ ላይ ማስገባቱ ነው።

ሲፒቲዩ አይመታም፤ ባለ ሾጣጣ ጫፍ ዘንግ በሰከንድ 2 ሳንቲ ሜትር ይገፋል። የጫፉን ተቃውሞ፣ የጎኑን ሰበቃና የውሃውን ግፊት በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ ይመዘግባል። ለዝቃጭ ዋናው ሦስተኛው ነው። ብራዚል ውስጥ ብሩማዲኞ ላይ በጃንዋሪ 2019 የተናደው ግድብ 270 ሰው ገድሏል። ውሃ የጠገበው ልል ዝቃጭ በድንገት ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ፈሰሰ። ሾጣጣው ሲገፋ የውሃ ግፊቱ ሽቅብ ከዘለለ፣ እንዲህ ያለ ጠባይ ስላለው ንብርብር መጠርጠር አለባችሁ። እዚያ ግድብ ላይ ግን ሲፒቲዩ ቀድሞም ተሠርቶ ነበር። ስለዚህ ውጤቱን በደንብ የሚያነብ ባለሙያም በጀት ይያዝለት።

ተቋራጩን አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ የግፊት ማጣሪያዋን (ውሃውን ወደ ግፊት መለኪያው የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ክፍል) በምን ነው የምታጠግቧት? ግሊሰሪን ወይም የሲሊኮን ዘይት ካላለ ተጠራጠሩ። አየር የገባባት ማጣሪያ ግፊቱን ዘግይታና አሳንሳ ታሳያለች፤ የከፈላችሁበት ሦስተኛ ንባብ ገደል ገባ ማለት ነው። ዘንጉን አቁሞ ግፊቱ እስኪረጋ የመጠበቅ ሥራም ውሉ ውስጥ ይግባ። ሰዓት ስለሚበላ ብዙዎች ይዘሉታል።

ቬን አራት ክንፍ ያለው ሆኖ መሬት ውስጥ ይዞራል። ለስላሳ ጭቃ ላይ የመጀመሪያውንም ከታወከ በኋላ የሚቀረውንም ጥንካሬ በቀጥታ ይሰጣል፤ የሲፒቲዩን ስሌት ለማረም ግሩም ነው። አሸዋማ ቦታ ላይ ግን ውሃው እየወጣ ያሳስታል። መንገድ ሥራ ላይ የለመድነው ባለ 8 ኪሎ መዶሻ ዲሲፒ (ሾጣጣ ዘንግ እየመታ የሚያስገባ ቀላል መሣሪያ) የላይኛውን አንድ ሜትር ገደማ ስለሚያይ እዚህ ውድድር ውስጥ አይገባም።

የእኔ ምርጫ? በጀት ካጠረ የነጥቦቹን ቁጥር ቀንሱና ሲፒቲዩ አሠሩ። ከጥቂቶቹ አጠገብ ናሙና ይወሰድ፤ ጭቃው ላይ ቬን ጨምሩ። ከመፈረማችሁ በፊት ማሽኑን የሚሸከም መሬት መኖሩን አረጋግጡ። ኩሬው ዳር ከባድ መኪና ስለሚሰምጥ ቀላል ባለ ሰንሰለት ማሽን ያለውን ድርጅት ፈልጉ።