ቤጂንግ ወይስ አስመራ?

ከሁለቱ የእርቅ ጉዞዎች የቱ ይሻላል? የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በፈረንጆቹ 1972 ቤጂንግ ሲገቡ ቀድመው እጃቸውን ለቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ኤንላይ ዘረጉ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1954 ጄኔቫ ላይ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዳለስ ዡን አልጨብጥም ብለው ነበር ይባላል። የኒክሰንን ጉዞ አማካሪያቸው ኪሲንጀር ቀደም ብለው በድብቅ ሄደው አመቻችተውታል። እንዲያም ሆኖ ሙሉ የዲፕሎማሲ ግንኙነት የተጀመረው በ1979 ነው። ሰባት ዓመት!

የእኛው፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ እርቅ ደግሞ ጥድፊያ ነበር። ዐቢይ ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. አስመራ ገቡ። ስልክ ተከፈተ፤ ሰው የማያውቀውን የአስመራ ቁጥር ሳይቀር እየደወለ «ሰላም ናችሁ?» ይል ጀመር። ሐምሌ 11 አውሮፕላኑ በረረ። መስከረም 1 ድንበሩ ተከፈተ፣ ከወራት በኋላ መልሶ ተዘጋ።

ምረጥ ካላችሁኝ የቤጂንጉን ነው። እንባዬ የመጣው ግን በአስመራው ነው።