ለቤተክርስቲያናችን ፓርኪንግ የገዛኋት ትንሿ የኤፍኤም ማሰራጫ

ሜሪላንድ ባለችው ቤተክርስቲያናችን የድምፅ ሥራውን የማግዘው እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር አንዲት እህታችን ጠራችኝና «ወንድሜ፣ ቅዳሴውን መኪና ውስጥ ሆኜ የምሰማበት መንገድ የለም?» አለችኝ። ሴት ልጅ ወልዳ ገና አንድ ወሯ ነው። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት አትገባም። ብርዱ ደግሞ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ውጭ የሰቀልነውን ስፒከር ጎረቤት ስላማረረ ዝቅ አድርገነዋል፤ የመኪና መስኮት ተዘግቶ ምንም አይሰማም። ልጇን አቅፋ፣ ሂተር ከፍታ፣ ግድግዳውን እያየች ነበር የምታስቀድሰው።

የኤፍኤም ማሰራጫ ፍለጋ የገባሁት በዚህ ምክንያት ነው።

መጀመሪያ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ኦንላይን አንድ ዕቃ አገኙልን። 7 ዋት ነው፤ ረጅም አንቴና አለው። ሻጩ ብዙ ኪሎ ሜትር እንደሚሸፍንና ፈቃድ እንደማያስፈልገው ጽፏል። አዘዝነው። ሳጥኑን እንደከፈትኩ ከጀርባው የኤፍሲሲ መለያ ቁጥር ፈለግኩ፤ ኤፍሲሲ የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነው፣ ቁጥሩም ዕቃው ተመርምሮ መፈቀዱን ያሳያል። የለም። መመሪያውን አገላበጥኩ፤ እዚያም የለም። ሳልሰካው መለስኩት። ልጆቹ ቅር አላቸው። እኔ ግን ዛሬም ደግ አደረግኩ እላለሁ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ብዙ ሰው «ከ1 ዋት በታች ከሆነ ችግር የለውም» ይላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለፈቃድ በኤፍኤም ማሰራጨት የሚቻለው ፓርት 15 የሚባለው ደንብ በሚፈቅደው ልክ ብቻ ነው። ደንቡ ደግሞ ዋት አይቆጥርም። ከማሰራጫው 3 ሜትር ርቆ የሚለካው የሞገድ ጉልበት በሜትር ከ250 ማይክሮቮልት መብለጥ የለበትም። ኤፍሲሲ ይህን በርቀት ሲያስረዳ 200 ጫማ አካባቢ ይለዋል፤ 60 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። በዋት እናስላው ካልን የ1 ዋት አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ያህል ቢሆን ነው። 7 ዋቱን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም። በ2020 የወጣው የፓይሬት (ያለፈቃድ የሚሰራጭ) ሬዲዮ ሕግ ሲወጣ በቀን እስከ 100,000 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ያስቀጣ ነበር፤ ልኩ ከዚያ ወዲህ ከፍ ብሏል። እያወቀ የፈቀደ የሕንፃ ባለቤትም ከተጠያቂነት አያመልጥም። እኛ ደግሞ ተከራዮች ነን! ይህን ለሰበካ ጉባኤው ስናገር ቤቱ ጸጥ አለ። ይበልጥ የከበደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የኤፍኤም መስመር 108 ሜጋኸርዝ ላይ ሲያልቅ ወዲያው የአውሮፕላን መስመር ይጀምራል። ያልተመረመረ ርካሽ ማሰራጫ ደግሞ ከራሱ የሞገድ ቁጥር ውጪም ሞገድ ይረጫል። የምንኖረው በሬገን፣ በደለስና በቢደብሊውአይ ኤርፖርቶች መሐል ነው።

ሁለተኛዋ ማሰራጫ መዳፍ ላይ የምታርፍ ናት። የኤፍሲሲ ቁጥሯ ከታች ተለጥፏል። ቁጥሩን በኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ አየሁት፤ ተመዝግቧል። ሞዴሉ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀያየር ስሙን አልጽፍም፤ እናንተም ከስሙ በፊት ቁጥሩን ፈልጉ።

የመጀመሪያው ቀን አላስደሰተችኝም። ሚክሰሩ አጠገብ አስቀምጫት ፓርኪንጉ ላይ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ለካ የብረት መደርደሪያው ሞገዱን እየጋረደው ነው። ገመድ አስረዝሜ በፓርኪንጉ በኩል ካለው መስኮት ጫፍ ላይ ሳደርጋት ሌላ ዕቃ መሰለች። ከዚያ መኪናዬን እያንቀሳቀስኩ ሰማሁ። እስከ አምስተኛው ረድፍ ጥርት ያለ ነው። ስድስተኛው ላይ ትንሽ ይንሿሿል። አጥሩ ጋ ይጠፋል። አንድ ልጅ «አንቴና እንቀጥልላት» አለኝ። አይሆንም፤ የተፈቀደችው ከፋብሪካ እንደወጣች ነው። ሽቦ ከቀጠልንባት ፈቃዷ እዚያው ያበቃል።

ድምፁን በተመለከተ፣ የካህኑ ዜማ ደስ ይላል። የዲያቆኑ «ተንሥኡ» ጆሮ ላይ ቁልጭ ብሎ ይገባል። ማኅሌት ላይ ግን ከበሮው ሲመታ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ጸናጽሉም ይሻክራል። ከሚክሰሩ የሚሄደውን ድምፅ በግማሽ ቀንሼ ከስቴሪዮ ወደ ሞኖ ስቀይረው ተስተካከለ። ሌላው ችግር ጣቢያ ያልያዘው ባዶ የሞገድ ቁጥር ማግኘት ነው። ዋሽንግተን አካባቢ የሬዲዮው መስመር ጢም ብሏል። ሁለት ቅዳሜ ፓርኪንጉ ውስጥ ተቀምጬ አንድ በአንድ ፈለግኩ። ደንቡ ደግሞ የሌላ ጣቢያ ሞገድ ቢገባብህ ቻል፣ አንተ ሌላውን ከረበሽክ ግን አጥፋ ይላል።

አንድ አባት «ልጄ፣ ለምን ፈቃድ አውጥተን እስከ ከተማው አናሰማም?» አሉኝ። አባባ ልክ ናቸው፣ መንገዱ አለ። ኤልፒኤፍኤም (አነስተኛ ኃይል ያለው የኤፍኤም ጣቢያ) ይባላል፤ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት እስከ 100 ዋት ይፈቅዳል፤ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳል። ማመልከቻ የሚቀበሉት ግን ኤፍሲሲ በሩን ሲከፍት ብቻ ነው፤ በታኅሣሥ 2023 ከፍቶ ነበር። በኤኤም ደግሞ ያለፈቃድ እስከ 100 ሚሊዋት ይቻላል፤ አንቴናው ከነገመዱ ከ3 ሜትር እንዳይበልጥ ነው። እሱን አልሞከርኩትም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለከበሮው ነው።

ያቺ እህታችን ሰማንያዋ ሞልቶ ልጇን ክርስትና አስነሳች። አሁን በሦስተኛው ረድፍ ኮን ያስቀመጥንበት ቦታ ላይ የምትቆመው ወንድ ልጅ የወለደች ሌላ እናት ናት። አርባው ሊሞላላት ሁለት እሑድ ቀርቷታል።