መጀመሪያ እግሩ ይሠራ፦ አሮጌ ሃርድቶፕ አድሼ ዓመት ስነዳው

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን ኪስ የማይችለው ነገር አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ጭራሽ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለውን አሮጌ መኪና ማደስ ሒሳቡ የሚያዋጣ ሆኗል። እኔም ከአንድ ድርጅት ጨረታ ያወጣሁትን ኤች ዜድ ጄ 75 ላንድክሩዘር፣ ሰው ሁሉ ሃርድቶፕ የሚለውን፣ አድሼ መንዳት ከጀመርኩ ዓመት አለፈኝ።

“አይሞትም” ይባልለታል። ይሞታል! ግን ቀደም ብሎ ያስታውቃል፤ ከሞተም ይነሣል። 4.2 ሊትሩ ባለ 6 ሲሊንደር የናፍታ ሞተር ቱርቦም ኮምፒውተርም የለውም። ቁልፍና ጥሩ ጆሮ ያለው መካኒክ ይበቃዋል።

ሥራውን ስንጀምር በሩም ወለሉም ዝጎ ነበር። መካኒኬ ግን ዕድሜውን ላንድክሩዘር ሥር ተኝቶ የጨረሰ ሰው ነው። “ወንድሜ፣ ላሜራው ይደርሳል፤ መጀመሪያ እግሩን እንየው” አለኝ። ገበያ ላይ “ታድሷል” ተብሎ የሚቀርበውን ሃርድቶፕ አይታችሁታል። ስቱኮ ተለጥፎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ፖርቶመጋላ ተጭኖበት ያብረቀርቃል። እግሩን፣ ማለትም ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘውን የፊት አክስል ግን ብዙ ጊዜ የነካው የለም።

የእኔን ስንከፍተው ከሁለቱም የፊት ጎማዎች ጀርባ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ወረደ። መሪው ሲዞር ጎማውን የሚያዞረው ክብ ቤት ውስጥ መኖር ያለበት ግሪስ ነው። የዲፍሬንሻሉን (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን ጥርስ) ዘይት ከዚያ የሚለየው አንድ ትንሽ ጎሚኒ ነው። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ገብቶ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ይበላል፣ መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጎሚኒ ብቻ ቀይሮ መዝጋት የጉልበት ኪሳራ ነው፤ ኩሽኔታውም አብሮ መቀየር አለበት። ዕቃውን ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄዱ መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ካርቶኑ ሁሉ ኦሪጅናል ይላል፤ መታየት ያለበት ብረቱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ከዚያ ሥራ ወዲህ በ80 ስነዳ እጄን ያደነዝዝ የነበረው ንዝረት የለም።

የዚህ ሞተር ዋና ጠላት ሙቀት ነው። አንዴ ከፈላ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። ራዲያተሩን አስጠረግን፣ የውሃ ፓምፑንና ቴርሞስታቱን ቀየርን። ታይሚንግ ቤልቱንም እግረ መንገዳችንን። ቤልቱ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ። አሮጌ መኪና ላይ ደግሞ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን የሚያምን ሰው የለም። የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ ወዲያው ቀይሩት።

ፈተናውን ያየሁት ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ስትወርዱ ማርሹን ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ እንዲይዘው ካደረጋችሁ ፍሬኑ አይግልም። ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ያዘግማል፣ ግን የሙቀት መለኪያዋ ንቅንቅ አላለችም። ጉልበት ግን አትጠብቁ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ትንፋሽ ያጥረዋል። አይሱዙ ደርቦኝ ሲያልፍ ለምጄዋለሁ።

ፎር ዊል ለማስገባት ከመኪናው ወርዶ የፊት ጎማዎቹን ሎክ በእጅ ማዞር ያስፈልጋል። ጭቃ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሳይሆን ከመግባታችሁ በፊት! ባያስፈልጋችሁም በወር አንዴ ኮረኮንች ላይ አስገብታችሁ ንዱት፣ የፊት አክስሉ ዘይት እንዲያገኝ። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን አታስገቡ፤ ማርሹ ይጨነቃል።

ምቾት? የለም። አራቱም እግር በባሌስትራ (በተደራረበ የብረት ስፕሪንግ) ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ባዶውን ሲሄድ ይዘላል። ከኋላ ያሉት የጎን ወንበሮች ለአጭር መንገድ እንጂ ለባሕር ዳር ጉዞ አይሆኑም፤ ባለቤቴ ከፊት ወንበር ንቅንቅ አትልም። ናፍታ ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ገደማ ይጠጣል።

ከቦሌ ሜክሲኮ ለመመላለስ ብቻ ከሆነ ይቅርባችሁ። ገጠር መሬት ወይም የመስክ ሥራ ያለው ሰው ግን ሲገዛ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ይሂድ። ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶ ከጠበቀው ሌላ ቀን ይመለስ። ሲነሣ የጭሱን ቀለም ይይ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከፊት ጎማው ጀርባ እጁን ያስገባ። እጁ በጥቁር ዘይት ከተነከረ የአክስሉን ሥራ ዋጋ ከመኪናው ላይ ያስቀንስ።