እንደ አቅም የሚቀያየረው የሒሳብ መለማመጃ
ይህን የኮምፒውተር መለማመጃ የገዛሁት «ጥያቄው እንደ ተፈታኙ አቅም ይቀያየራል» ስለተባለ ነው። ከእህቴ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠን 20 ጥያቄ ሠራን። እሷ በሒሳብ ከእኔ በጣም ትበልጣለች። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፤ እሷ ስትመልስ ይከብድባታል፣ እኔ ስሳሳት ይቀልልኛል። ከ10ኛው ጥያቄ በኋላ ግን እሷ ጋ ክብደቱ መጨመሩን አቆመ። የቀሩትን ሁሉ ያለ ድካም መለሰች። የጥያቄ ቋቱ (መለማመጃው ጥያቄ የሚመርጥበት ክምችት) ውስጥ ለእሷ የሚመጥን ከባድ ጥያቄ አልቋል ማለት ነው። ጥያቄ የሚመርጠው ስሌት የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሌለ ጥያቄ አያመጣም። መለማመጃው በእርግጥ እንደ አቅም መቀያየሩን ለማወቅ እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው፦ ለእያንዳንዱ ተፈታኝ የሚቀርቡት ጥያቄዎች አማካይ ክብደት መለማመጃው ከገመተለት ችሎታ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል ወይ? እኔ ግማሽ ያህሉን በትክክል መለስኩ፤ ጥያቄው ከአቅም ጋር ሲገጥም እንዲህ ነው። ለመካከለኛ ተማሪ እመክረዋለሁ። ለእህቴ ግን ገና ነው።