ፒያሳ ያለችው ማመልከቻ መጻፊያ ቤት፣ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ

የቤት ክርክራችን ሰበር (የመጨረሻው የፍርድ ቤት ደረጃ) ደርሶ አልቆ ታላቅ ወንድሜ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ካልገባን ብሎ ያዘኝና ጎንደር ፒያሳ ያለችው ማመልከቻ መጻፊያ ቤት ሄድን፣ ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት፣ ብር ሳትቀበል በፊት ሕገ መንግሥቱን ገልጣ አንቀጽ 84ን አሳየችን፣ 11 አባላት ያሉት ጉባኤ ያጣራል እንጂ አይወስንም፣ ጉዳዩ የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልገዋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይልካል የመጨረሻውን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው፣ አያስፈልገውም ካለም ቅር ያለው ለምክር ቤቱ ይግባኝ ማለት ይችላል። "ጋሼ፣ ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዳይመስልዎት" ስትለው ፊቱን ብታዩት ሃሃ። አጻጻፏ አጭርና ግልጽ ነው፣ ፕሪንተሩ ግን ቀለም ጨርሶ የመጨረሻው ገጽ ደብዝዞ ወጣ፣ ወንበርም የለም ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። መብራት ሳይጠፋ ጠዋት ሂዱ።